ለሰፈር ስፖርት የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ኳሱ ይመጣል፣ ሜዳው ይቆያል

ለሰፈር ቡድኖች ከመንግሥት በጀት የሚወጣው ድጋፍ ሁለት መልክ አለው፤ ዕቃና የማዘውተሪያ ስፍራ ሥራ። ዕቃው ደህና ነው። ሜዳው ትዕግሥት ይፈጃል። ሁለቱንም የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የብር ማነስ ሳይሆን የጥያቄው ደብዳቤ ልል መሆኑ ነው።

«10 ኳስ፣ 1 ደርዘን ማሊያ» የሚል ደብዳቤ ግዥ ክፍል ሲደርስ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰብበታል፤ ዝርዝር ከሌለው የሚያሸንፈው ርካሹ ነው። በሳምንቱ ከመነዳሪው (የውስጥ ላስቲኩ) ለሚያብጥ ኳስ ገዢው አይወቀስም፤ ኳስ አሉት፣ ኳስ ገዛ። ስለዚህ ይጻፍ፦ መጠን 5፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም። ለታዳጊዎች መጠን 4። ማሊያም በደርዘን አይጠየቅም፤ 11 ተሰላፊ ለብሶ አንድ ተቀያሪ ብቻ ይተርፋል። 18 ማሊያ ከነቁጥሩ፣ ከዚያ ውስጥ 2ቱ የበረኛ ሆነው በቀለም የተለዩ ቢባል ይበቃል።

ሁልጊዜ የሚረሳው መንፊያና መርፌ ነው። ኳሱ ጎሚስታ ቤት ይሄድና የመኪና ጎማ በሚሞላ አየር ይወጠራል፤ ስፌቱ ይከፈታል ወይም እንቁላል ይመስላል። የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 1.1 ባር ነው። መርፌው ሳይረጥብ ከገባም ቫልቩን ይቀደዋል።

ዕቃው መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ለቡድኑ ሲወጣ ሞዴል 22። ክብደትና ስፌት መታየት ያለበት ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ አቅራቢው ክፍያውን ይጠይቃል እንጂ ዕቃውን መልሶ አይወስድም።

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ጥር ላይ የገባ ጥያቄ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ውስጥ የመግባት ዕድል አለው፤ መስከረም ላይ የገባው ድግሱ ካለቀ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ሰኔ ላይ ቀሪ ገንዘብ ከተገኘም ጊዜ ስለሌለ የሚገዛው ሱቅ ውስጥ ያለው ነው። ያኔ የተሟላ ዝርዝር በእጁ የያዘ ቡድን ይጠቀማል።

ወደ ሜዳው ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ልጆች ለዓመታት ስለተጫወቱበት ብቻ ቦታው ማዘውተሪያ አይሆንም፤ ካርታ በሌለው ቦታ ላይ ሥራ ከተጀመረ ነገ ለሌላ ግንባታ ሊሰጥ ይችላል። ደሴ ላይ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ሥር ጠፍጣፋ መሬት ማግኘት ራሱ ጣጣ ነው። ተቆርጦ የተስተካከለ ቦታ ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ካልተቆፈረለት የነሐሴ ዝናብ ገረጋንቲውን ጠርጎት ይወርዳል። ኮምቦልቻ ሜዳማ ስለሆነች ቆረጣው ይቀላል፤ እዚያ መረቡን የሚጨርሰው ፀሐዩ ነው፣ ከጨዋታ በኋላ መውረድ አለበት።

ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ከመጠየቅ በመረብ ኳስ መጀመር ያዋጣል። ሜዳው 18 በ9 ሜትር ነው፤ በየጎኑ 3 ሜትር ሲጨመር 24 በ15፣ ማለትም 360 ካሬ። 20 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ ሲነጠፍ 72 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 90 ይታሰብ። በ16 ኩብ ሲኖትራክ 6 ቢያጆ ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነ መጀመሪያ ይነሣ፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ የተነጠፈውንም ይዞት ይሄዳል። የሰፈሩ ጉልበት፣ ቁፋሮውም ጥበቃውም፣ በሰው ቀንና በብር ተተምኖ ከጥያቄው ጋር ይያያዝ፤ «ኅብረተሰቡ ይተባበራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያሳምንም።

የመረቡ ቋሚ ብረቶች በቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ አይቀበሩ። ሰፋ ያለ ቱቦ ይቀበርና ቋሚው እየተሰካ ይወጣል፤ ማታ ተነቅሎ ቀበሌ ይቆለፍበታል። የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ስለሆነ መረቡ የሚታሰርበት ቀለበት በሁለቱም ቁመት ይበየድ።