የቴሌግራም ቦት ኤፒአይ ሲገመገም፦ መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት የከተማ ዳር ምን ያህል ይሆናል?

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ያለው የአዲስ አበባ ዳርቻ ሱቅ፣ ሲሚንቶና ብሎኬት ይሽጥ እንጀራ ያከፋፍል፣ ትእዛዝ የሚቀበለው በአብዛኛው በስልክ ነው። «ትእዛዙን የሚመዘግብ ነገር ሥራልን» የተባለ ዴቨሎፐር ምርጫው ብዙ ይመስለዋል፤ ሲጣራ ግን ያልቃል። ኤክስ በ2023 እ.ኤ.አ. የኤፒአይ (የውጭ ፕሮግራም ከመድረኩ ጋር የሚነጋገርበት በር) ነፃ አገልግሎቱን አጥብቦ ዝቅተኛውን የክፍያ ደረጃ በወር 100 ዶላር ሲያደርገው ለሰፈር ሱቅ ወሬው አበቃ። ሜሴንጀር ላይ ደንበኛ አለ፤ ነገር ግን አፑ ገና በሙከራ ላይ ሳለ የሚያነጋግረው በአፑ ላይ ሚና የተሰጣቸውን ሰዎች ብቻ ነው፣ ለሕዝብ ለመክፈት የባለቤቱን የሜታን ምርመራ ማለፍ ግድ ይላል፤ ደንበኛው ከጻፈ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላም እንደ ልብ መልስ መላክ አይቻልም። የቴሌግራም ቦት (በሰው ፈንታ ፕሮግራም የሚመልስበት አካውንት) ኤፒአይ ፈቃድ አያስጠይቅም። ቦትፋዘር ለተባለው ቦት ጽፎ፣ በእንግሊዝኛ «ቦት» በሚለው ቃል የሚያልቅ ስም መርጦ ቶክን፣ ማለትም የቦቱን ምስጢራዊ መግቢያ፣ መቀበል ነው፤ ገንዘብም አያስከፍልም።

ለዚህ አካባቢ የሚመረጠው ግን በነፃነቱ ብቻ አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ የመብራትና የኔትወርክ መጥፋትን መታገሡ ነው።

መልእክት ወደ ፕሮግራሙ የሚደርስበት መንገድ ሁለት ነው። ዌብሁክ ከተመረጠ ቴሌግራም ራሱ ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ ለዚህም ከውጭ የሚታይ አድራሻ፣ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ የድር ግንኙነት) እና ከ443፣ 80፣ 88 እና 8443 ፖርቶች አንዱ ያስፈልጋል። ከሱቁ ጓዳ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ኮምፒውተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚታይ አድራሻ የለውም። ስለዚህ ሰርቨር ለመከራየት በጀት ከሌለ ሁለተኛው መንገድ፣ ጌትአፕዴትስ፣ ይሻላል፦ ፕሮግራሙ ራሱ ይጠይቃል፣ አዲስ ነገር ከሌለ ቴሌግራም ጥያቄውን ለተወሰነ ሰከንድ ይዞ ይቆያል። ይህን የቆይታ ጊዜ 0 አድርጎ መተው ዳታ በከንቱ መብላት ነው፤ 30 ወይም 50 ሰከንድ ይበቃል። የፕሮግራሙ የኤችቲቲፒ ገደብ ደግሞ ከዚያ ከፍ ማለት አለበት፣ አለዚያ መልሱ ሳይመጣ መስመሩ ይቆረጣል።

መብራት ሲሄድ ያልተነበቡ መልእክቶች ቴሌግራም ዘንድ እስከ 24 ሰዓት ይቆያሉ። ከዚያ ካለፈ ይጠፋሉ፣ ማስመለሻም የለም፤ ቦት የቆየ የጭውውት ታሪክ ጠይቆ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ትእዛዙ ዳታቤዝ ውስጥ ይጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኦፍሴቱ (ለቴሌግራም «እስከዚህ ተቀብያለሁ» የሚለው ቁጥር) ከመጨረሻው የአፕዴት (ከቴሌግራም የመጣ አዲስ ነገር) ቁጥር በ1 ይብለጥ። ተገላቢጦሽ ከተደረገና መብራቱ በመሃል ከጠፋ ትእዛዙ በሁለቱም ወገን የለም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በበኩሉ አንድ ትእዛዝ ሁለቴ ሊያመጣ ይችላል፤ ለዚህ የአፕዴቱን ቁጥር በዳታቤዙ የማይደገም ማድረግ በቂ ነው።

መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጠዋት የታዘዘ እንጀራ ማታ ላይ ተሰልፎ ይገባል። የመልእክቱን ሰዓት አይቶ፣ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን «አሁንም ይፈልጉታል?» ብሎ መጠየቅ የሱቁን ስም ያድናል። ከዚህ የባሰው በቦቱ መልእክት ሥር የሚታዩትን ቁልፎች መጫን የሚያመጣው ጣጣ ነው። ደንበኛ ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ መቀበሉን ማሳወቅ አለበት፣ ካልሆነ ስልኩ ላይ የመጠበቂያ ምልክቱ ሲሽከረከር ይታያል። ከቆየ ለማሳወቅ ሲሞከር ግን ቴሌግራም «ጥያቄው አርጅቷል» ብሎ 400 ስህተት ይመልሳል። ይህ ስህተት ካልተያዘ ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ ኦፍሴቱ አልተንቀሳቀሰምና ሲነሣ ያንኑ አፕዴት አንስቶ ዳግም ይወድቃል። «መብራት ከመጣ ጀምሮ ቦቱ አይመልስም» ተብሎ ሲደወል መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ 409 ስህተት ነው፤ በአንድ ቶክን ሁለት ፕሮግራም፣ አንዱ ላፕቶፕ ላይ ሌላው ሱቁ ውስጥ፣ ሲጠይቅ ይመጣል። ለሙከራ የተለየ ቦት መፍጠር ምንም አያስከፍልም።

አማርኛን በተመለከተ ኤፒአዩ በግማሽ ልብ ነው የሚቀበለው። የመልእክት ጽሑፍ ገደቡ 4096 ቁምፊ ስለሆነና በባይት ስለማይቆጠር ፊደላችን አይጎዳም። ቁልፍ ላይ የሚታሰረው ስውር ዳታ ግን ከ64 ባይት መብለጥ አይችልም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የጽሑፍ ኮድ) ሦስት ባይት ይይዛል። 21 ፊደል ማለት ነው። «የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር ባለ 2000 ሊትር» የሚለው የዕቃ ስም ክፍተቱን ጨምሮ 63 ባይት ነው፤ በሙከራ ያልፋል፣ ፊቱ ላይ ሁለት የላቲን ፊደል መለያ ሲጨመርበት 65 ሆኖ ይወድቃል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስተማሪያ ይህን አያነሣም፣ ጸሐፊውን አልነካውማ። የዕቃውን ስም ሳይሆን የዳታቤዝ ቁጥሩን ማሰር ነው መፍትሔው።

የጽሑፍ ማስዋቢያው ማርክዳውን ቪ2 ነጥብን፣ ሰረዝን፣ ቅንፍንና ቃለ አጋኖን እንደ ልዩ ምልክት ይቆጥራል። «1,250.00 ብር» ወይም «ዓ.ም.» ብሎ የላከ ሰው መልእክቱ ጨርሶ አይሄድለትም። ኤችቲኤምኤልን መምረጥ ይሻላል፤ እዚያ ጥንቃቄ የሚሹት <፣ > እና & ብቻ ናቸው። በስላሽ የሚጀምሩ ትእዛዞች በላቲን ፊደል ብቻ ይጻፋሉ፣ መግለጫቸው ግን አማርኛ መሆን ይችላል። እንዲያም ቢሆን የሰፈር ደንበኛ ስላሽ አይጽፍም፤ ትልልቅ የአማርኛ ቁልፎች ይቀመጡለት። በእጁ ሲጽፍ ደግሞ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ ጸን ከፀ፣ አን ከዐ ሳይለይ ነውና፣ ፍለጋው ከመካሄዱ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ መልክ ማምጣት የፕሮግራሙ ሥራ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። ቴሌግራም የሚሰጠው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተቆጠረ ሰከንድ ነው። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ወደ ኋላ ነው፤ ድምሩ ከዩቲሲ 3 መቀነስ ይሆናል። በዩቲሲ 6፡00 ሲሆን እኛ ጋር ከጠዋቱ 3፡00 ነው። «ነገ 3 ሰዓት አምጡልኝ» ያለን ሰው በጥሬው አንብቦ ለሌሊት 9 ሰዓት መመዝገብ የተለመደ ስህተት ነው።

አድራሻ ላይ ኤፒአዩ ጥሩ ነው። የመንገድ ስም በሌለበት ሰፈር ያለበትን ቦታ የሚልክ ቁልፍ ማቅረብ ከ«ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ ወደ ግራ» ያድናል። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን የተላከው ነጥብ ብሎኩን ሊያምታታ ይችላል፣ ፎቁን ደግሞ ጨርሶ አይነግርም፤ የብሎክና የቤት ቁጥር በተለየ ጥያቄ ይጠየቅ። ስልክ ቁጥር የሚያጋራው ቁልፍም አለ። ሰው የሌላውን ኮንታክት ሊልክ ስለሚችል፣ ኮንታክቱ ላይ ያለው የተጠቃሚ መለያ ከላኪው ጋር አንድ መሆኑ ይፈተሽ፤ ቁጥሩም አንዳንዴ ከመደመር ምልክት ጋር አንዳንዴ ያለ ምልክቱ በ251 ስለሚመጣ በአንድ መልክ ይቀመጥ።

ፎቶ አንዴ ከተላከ በኋላ ቴሌግራም የሚሰጠውን የፋይል መለያ ይዞ በዚያ መላክ ይቻላል፤ የ40 ዕቃ ካታሎግ ለየደንበኛው ደጋግሞ ከመጫን ያድናል፣ ቀጭን መስመር ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። መለያው ግን ለዚያው ቦት ብቻ ነው፤ ከሙከራው ቦት ወደ ዋናው አይሸጋገርም።

ማስታወቂያ በጅምላ ሲላክ ጣሪያው በሰከንድ ወደ 30 መልእክት ነው፣ ለአንድ ሰው በሰከንድ 1፣ ለአንድ ግሩፕ በደቂቃ 20። በሰከንድ 25 ቢላክ 3000 ደንበኛ በ2 ደቂቃ ይዳረሳል። 429 ስህተት (ከጣሪያው በላይ ተልኳል ማለት ነው) ከመጣ መልሱ ውስጥ ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንደሚገባ ተጽፏል፤ እሱን ማክበር እንጂ ወዲያው መሞከር አይረባም። 403 ከመጣ ብዙውን ጊዜ ደንበኛው ቦቱን ዘግቷል፣ ከዝርዝሩ ይውጣ።

ክፍያ የኤፒአዩ ደካማ ጎን ነው፣ ቢያንስ ለዚህ ሰፈር። ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ በቴሌግራም ስታርስ (በቴሌግራም የራሱ መገበያያ) እንዲያስከፍል ይገደዳል፤ ሲሚንቶ የሚሸጥ አይገደድም፣ በተግባርም ሰው የሚልከው የባንክ ዝውውር ስክሪንሾት ነው። ስክሪንሾት ማረጋገጫ አይደለም። እንደ ቻፓ ያለ የአገር ውስጥ የክፍያ ኤፒአይ ሲታከል፣ ከውጭ የሚታይ አድራሻ የሌለው ፕሮግራም የክፍያ ማሳወቂያ አይደርሰውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የማይደገም የግብይት ቁጥር ሰጥቶ፣ በየ20 ሰከንዱ በማረጋገጫው ኤፒአይ መጠየቅና መጠኑ ከትእዛዙ ጋር እኩል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ደንበኛው ወደ «ከፍለዋል» ገጽ መመለሱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ደንበኛ ከቦት ጋር የሚያደርገው ንግግር እንደ ምስጢራዊ ጭውውት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ የመታወቂያ ፎቶ ለሚሰበስብ ሥራ ይህን ኤፒአይ አልመክርም። ለሱቅ ትእዛዝ ግን ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። አምስተኛውን የሚያስቀርበት የሱቁን ሥራ ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ማንጠልጠሉ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሲገደቡ ቴሌግራምም አብሮ ተገድቦ ገደቡ ለወራት ዘልቋል፤ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ያለ ቦት እንኳ ደንበኛው ቪፒኤን ካልከፈተ የሚያነጋግረው አያገኝም። ከመጀመሪያው ቀን የደንበኛውን ስልክ ቁጥር ከነፈቃዱ መዝግቦ፣ ትእዛዝ የሚያረጋግጠውን ክፍል ከቴሌግራም ነጥሎ መጻፍ ያዋጣል፤ ያኔ ያው መልእክት በኤስኤምኤስ እንዲወጣ የሚቀየረው አንድ ፋይል ብቻ ይሆናል።