በሀዋሳ የከተማ መረጃ ለምትፈልጉ ጥቆማ፣ ለአንድ አባት ደግሞ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁም። ሀዋሳ ውስጥ ዳቦ ቤት ለመክፈት ደፋ ቀና የምል ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ማመስገን ስላለብኝ ነው። ለንግድም ሆነ ለመመረቂያ ጽሑፍ የከተማ መረጃ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እኔ የተንከራተትኩትን ያህል እንዳትንከራተቱም ብዬ ነው።

ባንክ ብድር ስጠይቅ የአዋጭነት ጥናት አምጪ ተባልኩ። ገንዘብ ከፍዬ አሠራሁ። ጥናቱ በጥቁር ፕላስቲክ ተጠርዞ ሲመጣ ዓይን ይማርክ ነበር። የብድር ባለሙያው ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆም አለና «የሀዋሳ ሕዝብ እዚህ 258,808፣ እዚህ ደግሞ 157,879 ይላል። የትኛው ነው?» አለኝ። ከሥሩ «እ.ኤ.አ. በ1999 በተደረገው ቆጠራ» የሚል አለበት። ምን ልመልስ? ጥናቱን ለሠራው ሰው ብደውልለት «ሁለቱም ከኢንተርኔት የተገኙ ናቸው» ብሎኝ አረፈ።

በማግስቱ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሀዋሳ ቅርንጫፍ ሄድኩ፤ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የምንለው መሥሪያ ቤት ነው። የተቀበሉኝ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው አባት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

ገጹን አነበቡና ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው። ያጣላቸው ጸሐፊው ነው።» ከመደርደሪያው ወፍራሙን የቆጠራ መጽሐፍ አውርደው ሰጡኝ። እኔ ሲዳማ ክልልን ፍለጋ ማውጫውን ሳገላብጥ ትንሽ ታገሡኝና «ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው፤ ያኔ ዞን ነበር። ደቡብ ውስጥ ፈልጊው» አሉኝ። ገጹ ሲገኝ የሀዋሳ መስመር ከጎረቤቱ እንዳይቀላቀልብኝ ከሥሩ ማስመሪያ አስቀመጡ። 258,808ቱ የከተማ አስተዳደሩ ሕዝብ በሙሉ ነው፤ በዙሪያው ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ይጨምራል። በከተማው ውስጥ የተቆጠረው 157,879 ነው። ልዩነቱ፣ ማለትም 100,929 ሰው፣ ገጠር የሚኖር ነው። ዓመቱም ቢሆን ቆጠራው የተካሄደው በእኛ ግንቦት 1999 ነው፣ በፈረንጆቹ 2007። «እ.ኤ.አ.» የምትለው ምልክት ብቻዋን ቆጠራውን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዳዋለች!

ከዚያ በ1987ቱ ቆጠራ ከተማው 69,169 ሰው እንደነበረው አሳዩኝ። ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ስልኬን አውጥቼ በዚያው ፍጥነት እስከ ዛሬ ማባዛት ስጀምር እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እንዲህ አይደረግም። የከተማ ወሰን ይሰፋል፣ ፍልሰቱም ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም።» ከ1999 ወዲህ ቆጠራ የለም፤ አራተኛው በ2011 ሊካሄድ ታስቦ እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ የዛሬውን ቁጥር የምታገኙት መሥሪያ ቤቱ ከሚያወጣው የሕዝብ ትንበያ ነው። ጋሼ አጥብቀው የነገሩኝ ትንበያን ቆጠራ ብዬ እንዳልጽፍ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ስለ ዳቦው ያሉኝ ነው። «ዳቦ የሚገዛው ቤተሰብ ነው፣ ሰው እየቆጠርሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉና የቤተሰቦችን ዓምድ አሳዩኝ፤ በአስተዳደሩ 61,279 ቤተሰብ ነበር፣ በአማካይ በአንድ ቤት አራት ሰው ከትንሽ። ከዚያ ቤቱን የት ልትከፍቺ ነው ብለው ጠየቁኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፓርኩ የተመረቀው በ2008 ነው፤ ከየገጠሩ ለልብስ ስፌት ሥራ መጥተው አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው የሚኖሩትን ወጣት ሴቶች የ1999 ቆጠራ ከየት ያውቃቸዋል? ለእነሱ የቤተሰብ አማካዩም አይሠራም። ስለዚህ የከተሞችን የሥራ ስምሪትና ሥራ አጥነት ጥናት አወጡልኝ፤ ሀዋሳን ለብቻዋ ያሳያል። ስንት ዳቦ ቤት ፈቃድ እንዳለው ደግሞ የከተማውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ ብለው ላኩኝ።

ስወጣ ለሻይ ብዬ እጄን ወደ ቦርሳዬ ብሰድ ተቆጡኝ።

ጥናቱ በሁለተኛው ዙር አልተመለሰብኝም። ብድሩ ገና አልተለቀቀም፣ እሱ የባንኩ ጉዳይ ነው። ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎ ልጅ ካለ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ለምትሄዱ፦ በጠዋት ሂዱ፤ የምትፈልጉት ከተማውን ነው ወይስ አስተዳደሩን በሙሉ፣ የየትኛውን ዓመት እንደሆነም አስቀድማችሁ ወስኑ። ፍላሽ ዲስክም ያዙ። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ ግማሽ ቀን ሠንጠረዥ በእጄ ስገለብጥ ዋልኩ። እስክሪብቶው ራሱ የጋሼ ነበር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቷል፤ ሰኞ ልመልስላቸው እሄዳለሁ።