ኔርኻ፦ እሳቱ የሚታይበት ምሳ

ኔርኻ ላይ የት እንብላ ለሚሉኝ ሰዎች መልሴ አጭር ነው። እሳቱ በዓይን የሚታይበት ቤት ግቡ። እንጨቱ ሲነድ፣ ጭሱ ሲወጣ፣ አብሳዩ ላቡን ሲጠርግ የምታዩበት ቦታ ፈልጉ። በር ላይ የምግብ ፎቶ የደረደረውን ቤት እለፉት።

ኔርኻ በደቡብ ስፔን፣ አንዳሉሲያ ውስጥ፣ ከማላጋ በስተምሥራቅ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ራቅ ብላ የምትገኝ የባህር ዳር ከተማ ናት። ባቡር አይደርስባትም። እስከ ማላጋ ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች በረራ አለ፤ ከዚያ አውቶቡስ መያዝ ነው። መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ባህር እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ተራራው ሥር ባሉት ማሳዎች ላይ አቮካዶና ማንጎ በቅሏል። አዎ፣ አውሮፓ ውስጥ! አካባቢው አክሳርኪያ ይባላል። ተራራው የሰሜኑን ብርድ ስለሚከለክልለት የሞቃት አገር ፍሬ ያበቅላል።

እኛ የሄድነው በጁላይ መጨረሻ ነው። እኔ፣ እህቴ፣ እና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እማዬ። እማዬ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። አሳማ አትነካም። ሽሪምፕ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች። እንደሷ ያለ ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ይህ ግምገማ በተለይ ለእናንተ ነው።

አዮ ከሚባለው ምግብ ቤት እንጀምር። ቡሪያና የከተማዋ ታዋቂ የባህር ዳርቻ ነው፤ ከመሀል ከተማ በእግር ቁልቁል ይወረዳል። አሸዋው ዳር የተደረደሩትን ምግብ ቤቶች ስፔኖች ቺሪንጊቶ ይሏቸዋል። ከነሱ መሀል አዮ ስሙ የገነነው በፓኤያው ነው። ፓኤያ ሩዝ ነው፤ ግን የሚሠራው በድስት አይደለም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ብረት ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ በእንጨት እሳት ይበስላል። የአዮ መጥበሻ ከድግስ ምጣድ ይሰፋል። አብሳዩ ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ዳር ዳሩን እየዞረ ያስተካክላል። መሀል ላይ ሩዙ ገና ሲንተከተክ፣ ጠርዙ ላይ ውሃውን መጥጦ ቢጫው ደምቆ ይታያል። ያኔ ከሥር እንጨት ይጎትትና እሳቱን ወደ ጎደለው በኩል ይገፋዋል። ማማሰል ብሎ ነገር የለም። ሩዙን እኩል የሚያበስለው የእሳቱ አቀማመጥ ነው።

እማዬ ወንበሯን ትታ ሄዳ ቆማ አየችው። «እንጨት ነው እንዴ የሚያነዱት?» አለችን። «ታዲያ እነዚህ ያውቃሉ!»

እኔም ያውቃሉ እላለሁ። የፓኤያ ሩዝ ሳይላቁጥ መብሰል አለበት፤ ፍሬው ለየብቻው ይቆማል፣ ግን የዶሮውንና የባህር ምግቡን መረቅ ጠጥቶ ይጠግባል። አዮ ላይ ያገኘሁት እሱን ነው። ከመጥበሻው ሥር የሚይዘውን ቡናማ ቅርፊት ማንም እንዲጠርግባችሁ አትፍቀዱ። ስፔኖች የሚሻሙት እሱን ነው። ቤቱን ታዋቂ ያደረገው ሌላው ነገር ድጋሚው ነው። የመጀመሪያውን ሳህን ከጨረሳችሁ ተነስታችሁ ሄዳችሁ ሁለተኛ ታስሞላላችሁ፤ ተጨማሪ አይከፈልበትም። ልግስናው ደስ ይላል። ሰው ሳህኑን ይዞ እሳቱ ዳር ሲሰለፍ ሠርግ ቤት ያለህ ይመስልሃል።

የቫሌንሲያ ሰው ግን ቢያየው ይከራከራል። ፓኤያ የቫሌንሲያ ምግብ ነው፤ ባህላዊው በዶሮ፣ በጥንቸልና በባቄላ ዓይነቶች ይሠራል። ዶሮና የባህር ምግብ መቀላቀል አይወዱም። ይህን ክርክር ለነሱ ትቼዋለሁ። ለኛ ሰው ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። ሁሉም ከአንድ መጥበሻ ስለሚወጣ፣ ሽሪምፕ የማይበላ ሰው ሥጋውን ለይታችሁ አምጡልኝ ቢል ትርጉም የለውም። እማዬ ያን ቀን ሰላጣ በላች። የሷ ቀን የሳርዲን ቀን ነበር።

ሳርዲኑን የበላነው እዚያው ባህር ዳርቻ ላይ ሌላ ቺሪንጊቶ ውስጥ ነው። ኤስፔቶ ይባላል። ስድስት አካባቢ ሳርዲን በአንድ የሸንበቆ እንጨት ይሰካል። አሸዋ የተሞላ አሮጌ ጀልባ ውስጥ እንጨት ይነዳል። ሸንበቆው አሸዋው ላይ ይተከላል፤ ዓሣው ከእሳቱ በላይ ሳይሆን ከጎኑ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ጠባሹ ነፋሱን አይቶ ነው የሚተክለው። ጭሱ ወደ ዓሣው እንዳይነፍስ ይጠነቀቃል፤ ሙቀቱ ብቻ እንዲያገኘው ነው የሚፈልገው። ከጨው በቀር ቅመም የለውም። ጠጠር ጠጠር ያለ ጨው። ቆዳው ፈንድቶ ዘይቱ ጠብ ጠብ ሲል ይነሳል።

የመጀመሪያው ሸንበቆ ጠረጴዛችን ላይ የደረሰው ቀዝቅዞ ነው። ሳርዲን ከቀዘቀዘ ዘይቱ ከላንቃ ጋር ይጣበቃል፤ አይበላም። እህቴ በትህትና መለሰችው፤ አስተናጋጁም አላንገራገረም። ሁለተኛው ከእሳቱ ቀጥታ መጣ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ስለዚህ ለጀልባው የቀረበ ጠረጴዛ ያዙ፤ ፀሐይ ቢኖረውም ያዙ። ወቅቱም ይወስናል። ሳርዲን የሚሰባው ከሜይ እስከ ኦገስት ነው። በብርዱ ወራት ብትሄዱ ሌላ ዓሣ እዘዙ።

የሳርዲኑን ነገር ከከተማዋ መሀል ካለው አደባባይ ጋር የሚያገናኝ አንድ ታሪክ አለ። አደባባዩ ባልኮን ደ ዩሮፓ ይባላል። ባህሩ ላይ ወጣ ያለ ገደል ነው፤ ድሮ ምሽግ ነበረበት። አሁን ጠርዙ ላይ የንጉሥ አልፎንሶ 12ኛ ሐውልት ቆሟል። ንጉሡ ወደዚህ አካባቢ የመጣው በጃንዋሪ 1885 ነው፤ በዲሴምበር 25 ቀን 1884 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ገድሎ፣ ብዙ ቤት አፍርሶ ነበርና የተጎዱትን ሊጎበኝ። ማላጋ ላይ ኤስፔቶ አቀረቡለት ይባላል። በሹካ ሊበላ ሲል የምግብ ቤቱ ባለቤት «ግርማዊ ሆይ፣ እንደሱ አይደለም፤ በጣት ነው» አለው ብለው እስካሁን ያወሩታል። እማዬ ይህን ስነግራት ሳቀችና እጇን ለመታጠብ ተነሳች። ራሱን ይዛ አጥንቱን በአንድ ጊዜ መዛ አወጣችው። አጠገባችን የተቀመጡት ስፔናዊ አዛውንት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁላት።

ባልኮኑን እዩት፣ ፎቶ ተነሱበት፣ ማታ ማታ ወክ አድርጉበት። ምግብ ግን አትብሉበት። እዚያ ዙሪያ ካሉት ቤቶች አንዱ ውስጥ ፓኤያ አዘን በ10 ደቂቃ መጣልን። ሩዝ ብቻውን ለመብሰል ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የቀረበልን የተሞቀ ነበር፤ መሀሉ ይፋጃል፣ ዳሩ ይቀዘቅዛል። ያላዘዝነው ዳቦም ሂሳቡ ላይ ተደምሮ አገኘነው። ስፔን ውስጥ ዳቦ ማስከፈል የተለመደ ነው፤ ካልፈለጋችሁ ሲቀመጥ መልሱት። እንደ መመሪያ ይህን ያዙ፦ ትኩስ ፓኤያ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ቶሎ ከመጣ ጠርጥሩ። አዮን የመሰለው ቤት ቶሎ የሚያቀርበው ትልቁ መጥበሻ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ስለሚተካካ ነው፤ ያንንም በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ጾሙ። ረቡዕ ዕለት እማዬን ያዳናት አሆብላንኮ የሚባል ቀዝቃዛ ሾርባ ነው። የማላጋ አካባቢ ምግብ ነው። መልኩ ወተት ነው፤ ወተት ግን የለበትም። የተላጠ አልሞንድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የደረቀ ዳቦ፣ የወይራ ዘይት፣ አቼቶና ውሃ ተፈጭቶ ነው የሚሠራው። ላዩ ላይ ጣፋጭ የወይን ፍሬ ጣል ይደረግበታል። እማዬ መጀመሪያ አላመነችም፤ አስተናጋጇን በእህቴ በኩል አስጠየቀቻት። ከዚያ ጠጥታ ጨረሰችና ቤት ሄጄ እሞክረዋለሁ አለች። ቀኑ 35 ዲግሪ ሲሆን ከዚህ የሚሻል ነገር አላውቅም። ሌላው ቀዝቃዛ ሾርባ ጋስፓቾም ጾም ነው፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ኪያር። ሳልሞሬኾ የሚባለው ቀዝቃዛ ሾርባ ላይ ግን እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ይነሰነስበታል። የአትክልት ሳህን ውስጥ እንኳ ኻሞን፣ ማለትም በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ተቆርጦ ይገባል፤ ለነሱ እንደ ቅመም ነው። «ሲን ኻሞን» ማለትን ልመዱ። ያለ ኻሞን ማለት ነው። ሙስሊም ለሆነ መንገደኛም ይህችው ቃል ብዙ ታግዛለች። በኦገስት የምትሄዱና ፍልሰታን የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ አሆብላንኮ ሁለቱን ሳምንት ይዟችሁ ይወጣል።

ሌላው የጾም ምግብ የተጠበሰ ደበርጃን ነው፤ ላዩ ላይ የሸንኮራ አገዳ ማር ይፈስበታል። ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ከጣፋጭነቱ ሥር ትንሽ ምሬት አለው። ጨው ካለበት ጥብስ ጋር ሲገናኝ ልክ ይሆናል። ሊጡ ውስጥ እንቁላል እንዳይገባ ብቻ ጠይቁ። ማሩ የሚመጣው ከኔርኻ በላይ ተራራው ላይ ካለችው ፍሪኺሊያና ከምትባል ነጭ መንደር ነው። እዚያ ያለው ፋብሪካ ይህን ማር የሚያመርት በአውሮፓ ብቸኛው ነው ይሉታል። ድሮ የሸንኮራው ሥራ በመላው አካባቢ ነበር። ከኔርኻ ወደ ጎረቤቷ መንደር ወደ ማሮ ስትሄዱ ባለ አራት ደርብ ቅስት ድልድይ ታያላችሁ፤ በ1879 እና 1880 የተሠራው ለስኳር ፋብሪካ ውሃ እንዲወስድ ነው። ደበርጃኑን ቀምሳችሁ ድልድዩን ብታዩት ይበልጥ ይገባችኋል።

የኔርኻን ዋሻም አትለፉት። በጃንዋሪ 12 ቀን 1959 አምስት የአካባቢው ልጆች የሌሊት ወፍ ሊያድኑ ገብተው ያገኙት ነው። ውስጡ 32 ሜትር ቁመት ያለው የድንጋይ ምሰሶ አለ። ጠዋት ሂዱ፤ ከዚያ ለምሳ ቡሪያና ትደርሳላችሁ።

ቡና ላይ አንድ ነገር ልበል፤ እኛ ዝም አንልበትምና። አንዳንድ ቤት የሚጠቀመው ከስኳር ጋር የተቆላ ቡና ነው። ጥቁሩ ይደምቃል፣ ምሬቱ ግን የቡና አይደለም። የተፈጥሮ ቁሌት መሆኑን ጠይቁ። ማኪያቶ የለመደ ሰው ኮርታዶ ይዘዝ። የማላጋ ሰዎች ቡናና ወተቱን በመጠን በመጠን ስም አውጥተውለታል፤ ሚታድ ብትሉ ግማሽ በግማሽ ይመጣል፣ ኑቤ ብትሉ ወተት ይበዛዋል።

የሰዓቱን ነገር አስቡበት። ስፔኖች ምሳ የሚበሉት ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ በነሱ ከ2 እስከ 4። እኛ ከ7 ሰዓት በፊት ደርሰን ጥላ ያለው ጠረጴዛ አገኘን። 8 ሰዓት ሲሆን ሰልፉ አሸዋው ላይ ደርሶ ነበር። ጁላይ 16 ላይ የምትገኙ ከሆነ ደግሞ የዓሣ አጥማጆቹ በዓል ነው፤ የእመቤታችንን ሐውልት ተሸክመው ወደ ባህር ይወርዳሉ፣ ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነው። ከምሳ በኋላ ከቡሪያና ወደ ከተማ መመለሻው ዳገት ነው። በፀሐይ፣ በሙሉ ሆድ፣ ትልቅ ሰው ይዛችሁ በእግር አትሞክሩት። ታክሲ ያዙ።