ሰማያዊ በር ያለው ጋራዥ፦ የራቭ ፎሬን ካሜራ ጎንደር ላይ ያስተካከልኩበት

ጎንደር ውስጥ የመኪና ካሜራ የሚያስተካክል ሰው አለ ሲሉኝ "ኧረ ወዲያ፣ የሠርግ ካሜራ ይሆናል" ብዬ ነበር። አለ። ወደ አዘዞ ሲወርዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነው። ታፔላ ስላልሰቀሉ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ። ምልክቱ በሩ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ናት። የሚሠሩት ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ቢደመር የእኔን ትንሽ ቢበልጥ ነው።

የምጽፈው ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ፣ መስታወቱ ላይ የተጣበቀች ጥቁር ሳጥን ያላት መኪና ለምትነዱ ነው። ያቺ ሳጥን ካሜራ ናት። የመንገዱን መስመር፣ እግረኛውን፣ ከፊት ያለውን መኪና ታያለች። በእኔዋ ደግሞ ፊት ለፊት ካለው የቶዮታ ዓርማ ጀርባ ራዳር ተቀምጧል፤ እሱ ርቀትና ፍጥነት ይለካል። ሁለቱ ተማክረው ነው መኪናዋ በራሷ ፍሬን የምትይዘው፣ መሪ የምታቀናው። አማካሪዎቹ አንዱ ከተንሻፈፈ ምን እንደሚሆን ያየሁትን ልንገራችሁ።

መኪናዬ የ2019 (በፈረንጆቹ) ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። ወንድሜ ከአሜሪካ የላካት፣ ፍጥነቷን በማይል የምትቆጥር። ማራኪ ላይ መድኃኒት ቤት ስላለኝ ዕቃ ለማምጣት ባህር ዳር እመላለሳለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው። ባለፈው ስሄድ አዲስ ዘመን አካባቢ ከፊቴ ከሚሄድ አይሱዙ ጎማ ሥር ጠጠር ተፈናጥሮ ፓራብሬዛዬን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። ባህር ዳር ደርሼ አንድ መስታወት ቤት ገባሁ። 52 ሺህ ብር። ካሜራዋን ከአሮጌው ፈተው አዲሱ ላይ ጠቅ አደረጓትና "አለቀ፣ እትዬ" አሉኝ። "ይቺ ነገር ሌላ ሥራ የላትም?" ብዬ ጠየቅሁ። "ክሩስኮት ላይ መብራት ካልበራ ምን ችግር አለ!"

እውነትም መብራት አልበራም። የገረመኝም ይኸው ነው። ካሜራዋ እያየች እስከሆነ ድረስ ደህና ነኝ ትላለች፤ አንገቷ መጣመሙን የሚነግራት የለም።

ስመለስ ሐሙሲትን አልፌ የፎገራ ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ሲልልኝ መሪው በገዛ እጁ ወደ ግራ ይጎትተኝ ጀመር። መሀል ለመሀል እየሄድኩ "ከመስመርሽ ወጥተሻል" ብላ ትጮህብኛለች። አንድ ጊዜ ከፊት የጭነት መኪና እየመጣ ጎተተችኝና ላብ አሰመጠኝ። አላይመንት መስሎኝ ጎንደር ገብቼ ጎሚስታ ዘንድ 1,800 ብር ከፈልኩ። ምንም አልተለወጠ። መሪው ላይ ያለውን የመስመር ቁልፍ አጠፋሁና ተገላገልኩ አልኩ። ከሳምንት በኋላ ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ፣ በሌላኛው ረድፍ ለሚመጣ ባጃጅ ድንገት ፍሬን ያዘችብኝ። ከኋላዬ የነበረው ሾፌር ያወረደብኝን እዚህ አልጽፈውም። የመስመሩን ባጠፋው የፍሬኑ አልጠፋ፤ ካሜራዋ ያው አንድ ናት።

በመሀል የእህቴ ልጅ ለበዓል መኪናዋን ሊያሳምርልኝ ፈልጎ "ዓርማዋ ደብዝዟል፣ አክስቴ" ብሎ ከገበያ የሚያብረቀርቅ አዲስ ዓርማ ገዝቶ ለጠፈላት። ክሩስኮቱ ላይ መብራት የበራው ያን ቀን ነው። የፍሬኑ ሥርዓት አይሠራም የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ርቀት እየጠበቀ የሚነዳውም ጠፋ። እኔ ደግሞ ሁሉንም በመስታወቱ አሳበብኩ።

እንግዲህ ጋራዡ። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አልሠሩልኝም፤ እኔ ግን የወደድኳቸው ለዚሁ ነው። ትልቁ ልጅ በመኪናዋ ዙሪያ አንዴ ዞረ፣ ዓርማውን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገና "እትዬ፣ ይሄን ማን ለጠፈው?" አለኝ። ብረት ነው ለካ! ፋብሪካው የለጠፈው ፕላስቲክ የሆነው ለርካሽነት ሳይሆን ራዳሩ በውስጡ እንዲያይ ነው። የእህቴ ልጅ የመኪናዋን ዓይን በመስታወት መሳይ ብረት ሸፍኖላት ኖሯል። ቀጥሎ ጎማዎቹን ለካ፤ አንዱ 24፣ አንዱ 38። የኋላውን ከፈተ፦ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ። (የጎንደር ሰው ጀሪካን ይዞ ካልዞረ ምን ይዞ ይዞራል?) መኪናዋ ወደ ኋላ ቁጭ ብላ ካሜራዋ ሰማይ ሰማይ እያየች ነው አለኝ። መስታወቱን ከውስጥ በባትሪ ሲያይ ደግሞ ካሜራዋ ፊት የሰው ጣት አሻራ፣ ከጥግ የተለጠፈው ቦሎዬም ወደ እይታዋ ገባ ያለ።

"ዛሬ ብሠራልዎ ገንዘብዎን ነው የምበላው" አለ። "ጎማውን ልክ አስነፍተው፣ ዕቃውን አውርደው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ የድሮውን ዓርማ ይዘው ይምጡ።" ነዳጅ ሞልተው ሲል ሳቅሁ፤ የጎንደርን የነዳጅ ሰልፍ የማያውቅ ይመስላል። የድሮው ዓርማ እህቴ ቤት ሶፋ ሥር ተገኘ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ተቀጠርኩ። ሥራው የተጀመረው 4 ሰዓት ነው። መቀመጫ አንድ የላስቲክ ወንበር፣ እሱም እግሩ የተሰበረ። ለዚህ ቅር ብሎኛል፤ ፊት ለፊትም ነግሬያቸዋለሁ።

ሥራውን ግን ቆሜ ነው ያየሁት። ኮምፒዩተር ሰክተው ጨረሱ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት የግንበኛ ሥራ ነው። ወለሉን ሲሚንቶ ሲያስለስኑ ግንበኛ በሚጠቀምበት ውሃ በተሞላ ላስቲክ ቱቦ አስተካክለውታል፤ እኔም ፊት እንደገና በአራቱ ጎማ ቦታ ለክተው አሳዩኝ። ከዚያ ከፊት ዓርማው መሀል ቱንቢ ጣሉ፣ ከኋላ ዓርማውም እንዲሁ። ሁለቱን ነጥብ በኖራ በተነከረ ሲባጎ አገናኝተው፣ መስመሩን ወደ ፊት አስረዘሙት። ካሜራዋ እያየች ልኳን የምትይዝበት ሰሌዳ በዚያ መስመር ላይ፣ ከመኪናዋ ኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገረው ታብሌት በሚያዘው ርቀትና ከፍታ ይቆማል። ታብሌቱ አውቴል ነው፣ የቻይና። የሰሌዳውን መቆሚያ አዘዞ በያጅ አሠርተውታል፤ ሰሌዳው ራሱ ግን ከመሣሪያው ጋር የመጣ ነው።

"ይሄን ያህል ጥንቃቄ ለምን?" አልኩት ትንሹን። ግድግዳው ላይ በኖራ ሁለት መስመር ሠራ። "እትዬ፣ እዚህ አንድ ዲግሪ ከሳተች 50 ሜትር ላይ 87 ሳንቲም ትስታለች።" የባጃጅ ወርድ 1 ሜትር ከ30 ነው፤ ከግማሽ ባጃጅ በላይ መሆኑ ነው። ፒያሳ ላይ ለምን ፍሬን እንደያዘች ያን ጊዜ ገባኝ። በሌላው ረድፍ ያለውን እኔ ፊት አድርጋ ነው ያየችው።

ሰሌዳው ላይ ፀሐይ በበሩ በኩል ሲመታ ሸራ ጋረዱ። ካሜራዋን ሊጀምሩ ሲሉ መብራት ሄደ። ታብሌቱማ በራሱ ባትሪ ይሠራል፤ ችግሩ የመኪናዋ ባትሪ ነው። ሞተር ጠፍቶ ቁልፍ ተከፍቶ ሲቆይ ባትሪው እንዳይወርድ ቻርጀር ይሰካል፤ ያለ እሱ አንጀምርም አሉ። "ባትሪዬ ጎበዝ ነው፣ ጀምሩ" ብዬ ብለምንም እምቢ። መሀል ላይ ቢወርድ ሥራው ይቋረጣል፣ ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው። ሻይ ቤት ገብቼ ሁለት ሰዓት ቡና ስጠጣ ዋልኩ። ሻይ ቤቷ፣ ሳይጠየቅ የተሰጠ ግምገማ፣ ቡናዋ ከጋራዡ ወንበር እጅግ ይሻላል።

መብራት ሲመጣ ካሜራዋ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ራዳሩ ግን ወግ አለው። ሦስት ጠርዝ ያለው፣ እንደ ጎድጓዳ ማዕዘን የታጠፈ ብረት ፊቱ ይቆማል፤ ራዳሩ እሱን ብቻ ማየት አለበት። ግቢው ውስጥ ደግሞ የማይታይ ብረት የለም፦ በርሜል፣ የተደረደረ ቆርቆሮ፣ የአሮጌ ሚኒባስ በር። ሁሉንም ተሸክመው ወደ ጓሮ አወጡ። እኔም አንድ ቆርቆሮ ተሸክሜያለሁ፤ ከሒሳቡ ይቀነስልኝ ብል ሳቁብኝ።

ከዚያ ወደ መንገድ ወጣን። አዘዞን አልፎ መስመሩ ያልደበዘዘበት ቁራጭ አለ። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስገባ ክሩስኮቱ ላይ ሁለቱ መስመሮች ደመቁ። መሪው ዝም። ሆን ብዬ ትንሽ ወደ ቀኝ ስጠጋ ለስለስ አድርጋ መለሰችኝ። መስመሩ የጠፋበት ጋ ስንደርስ እሷም የመስመሩን ሥዕል አጥፍታ አርፋ ተቀመጠች። "የማታየውን አላየሁም ስትል ነው ተስተካከለች የሚባለው" አለ ትልቁ።

14 ሺህ ብር ከፈልኩ፣ ለካሜራውም ለራዳሩም። ውድ ነው? ለመስታወቱ 52 ሺህ የከፈለ ሰው ይሄን ውድ ነው ለማለት አፍ የለውም። የጠላሁት ወረቀት አለመስጠታቸው ነው። ታብሌቱ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን የሚያሳይ ዘገባ ያወጣል፤ ጠይቄ በቴሌግራም ላኩልኝ። ጠይቁ። ሳይጠየቅ ቢሰጡ ደግሞ ምን ነበረበት።

ሁሉን አይሠሩም፣ ይሄንንም አይደብቁም። አንድ ጎረቤቴ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ ሄዶ፣ ሞዴሏ ታብሌታቸው ላይ የለችም ብለው መልሰውታል። ከኋላ ባምፐር ጥግ ያሉትን፣ ጎን የሚያዩ ራዳሮችም መሣሪያው የለንም ብለውኛል።

አሁንም ከተማ ውስጥ የመስመሩን ቁልፍ አጥፍቼ ነው የምነዳው፤ የጎንደር መሀል ከተማ ለመስመር የተሠራ አይደለም። ፍሬኑን ግን በርቶ እተወዋለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይቺ መኪና መኪናን፣ እግረኛን፣ በቀን ደግሞ ብስክሌተኛን እንድታውቅ ነው የተሠራችው። አህያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ቅዳሜ ገበያ ሲሆን ዓይኔ የራሴ ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ከስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለውን መቁጠሪያ አውርዱ፣ የኋላውን ባዶ አድርጉ፣ ጎማውን ሾፌር በር ቋሚው ላይ በተጻፈው ልክ አስነፉ። 2 ሰዓት ከቀጠሯችሁ ቁርሳችሁን በልታችሁ ሂዱ። የብረቱ ዓርማ መድኃኒት ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማዘዣ ወረቀት በነፋስ እንዳይበር ይጫንበታል። የእህቴ ልጅ በመጣ ቁጥር ያየዋል፣ አይናገርም።