አሮጌ ሪሲቨር ለምትቀይሩ፦ የመርካቶውን ባለሙያ አመስግኜ ልጠቁማችሁ

እጁ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጠው። ይህን የምጽፈው መርካቶ ውስጥ የድምፅ ዕቃ ስለሚሸጥና ስለሚገጥም አንድ ወጣት ነው። ስሙን አደባባይ እንዳላወጣ ለምኖኛልና አላወጣም፤ ሥራውን ሳልናገር ብቀር ግን ግፍ ነው። ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም፤ ከቴሌቪዥኑና ከዲኮደሩ ተቀብሎ ለአምስት ስፒከርና ለቤዙ (ለወፍራሙ ድምፅ ለብቻው ለሚቆመው ስፒከር) ድምፅ የሚያከፋፍለውን የሆም ቴአትር አምፕሊፋየር ማለቴ ነው። አሮጌውን በመጠነኛ ዋጋ፣ ግን በደህና ዕቃ መተካት የምትፈልጉ ሰዎች ወደ እሱ ሂዱ።

ሌላ ቦታ የሚሆነውን ገበያውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ገና በሩ ላይ ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ሺህ ዋት ነው፣ ሰፈር ያናውጣል›› ይሏችኋል። ምን ቴሌቪዥን እንዳላችሁ፣ ስፒከራችሁ ስንት ኦም (ከረንትን የሚቋቋምበት መጠን) እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ድምፅ አልወጣ ካለ ‹‹ገመዱ ነው››፣ ገመዱ ሲቀየር ‹‹መብራቱ ነው››፣ ሲቸግራቸው ደግሞ ‹‹ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም››። የት እንደሆነ አልጠራም፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስለ ዋቱ ግን ትንሽ ልበል፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው 1000 ዋት የሁሉም ቻናል (ለየስፒከሩ የሚወጣው መስመር) ተደምሮ፣ ብዙ ጊዜም ድምፁ 10 በመቶ እስኪዛባ ተገፍቶ የተለካ ነው። የሚታመነው ሁለት ቻናል አብረው ሲሠሩ፣ በ8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ የተለካው ነው። ያማሃ አርኤክስ-ቪ385 ሁለት ቻናል በሙሉ ስፋት ሲለካ፣ ግን በ6 ኦም፣ በየቻናሉ 70 ዋት ይሰጣል። ሶኒ ኤስቲአር-ዲኤች590 ደግሞ 145 ዋት ይባልለታል፤ እሱ ግን አንድ ቻናል ብቻውን፣ በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎኸርዝ ተለክቶ ነው። ሁለት ቻናል በሙሉ ስፋት ሲለካ ወደ 90 ይወርዳል። ከ70 እስከ 90 ያለው ልዩነት ደግሞ 1 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ገደማ ስለሆነ ጆሮ በቅጡ አይለየውም። 3 ዲሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት። ይህን ለገዢ ፊት ለፊት የሚናገር ሻጭ ብርቅ ነው። ይህ ልጅ ይናገራል፣ ያውም ውዱን ትቶ ርካሹን ከመደርደሪያ እያወረደ።

የማልረሳለት አንድ ነገር አለ። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ሦስት ፎቶ በቴሌግራም አስላከ፤ የቴሌቪዥኑን ጀርባ፣ የአሮጌውን ሪሲቨር ጀርባ፣ የስፒከሮቹን ጀርባ። የስፒከሩን ፎቶ በጣቱ እየሳበ አተለቀና ጥጉ ላይ ያለችውን ጽሑፍ አሳየኝ፤ 3 ኦም ይላል። ‹‹ጋሼ፣ በእነዚህ ስፒከሮች ሪሲቨር አልሸጥልዎትም። ከወር በኋላ ተቃጥሎ ይመልሱልኛል›› አለና የሚሸጠውን ዕቃ መልሶ ከደነው። ገዢ ብሩን ይዞ ፊቱ ቆሞ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዲቪዲ ማጫወቻ ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጡት የሆም ቴአትር ስፒከሮች ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው፤ ለገዛ ማሽናቸው ብቻ የተሠሩ። በመጠነኛ ዋጋ ያሉት ሪሲቨሮች ጀርባቸው ላይ ቢያንስ 6 ኦም ይላል። 3 ኦም ስታስሩበት የሚሳበው ከረንት እጥፍ ይሆናል፣ ማሽኑ ይግላል፣ ድምፅ ከፍ ስታደርጉ ፕሮቴክት ብሎ ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። ዘግቶ ከተረፈ ዕድለኛ ናችሁ፣ ካልሆነ የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ይሄዳሉ። የእነዚህ ስብስቦች ቤዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የራሱ አምፕሊፋየር የለውም። ሪሲቨሩ ለቤዝ የሚሰጠው በአንዲት የአርሲኤ ቀዳዳ የሚወጣ ሲግናል ብቻ ነው፤ ኃይል አይሰጥም። ስለዚህ በራሱ ሶኬት የሚሠራ አክቲቭ ቤዝ ያስፈልጋል። የእሱ ምክር መጀመሪያ የፊት ሁለት ስፒከርና መሀለኛውን፣ ቀጥሎ ቤዙን፣ የኋላዎቹን ሲደላ መግዛት ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የፊልም ንግግር የሚወጣው ከመሀለኛው ነውና እሱ ላይ አትቆጥቡ።

አሮጌው ጭራሽ መቀየር የሌለበት ሰውም አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ገመድ ሸጦ ይሸኘዋል። አሮጌ ሪሲቨር ኤችዲኤምአይ ከሌለው፣ ወይም ኖሮት ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለው የቅጂ መከላከያ ከሌለው፣ የተጠበቀ የፎርኬ ምስል አያሳልፍም፤ ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ጥራቱ ይወርዳል። መፍትሔው ማጫወቻውን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ከቴሌቪዥኑ ወደ አሮጌው ሪሲቨር ኦፕቲካል ገመድ መሳብ ነው። በኦፕቲካል የተለመደው ዶልቢ ዲጂታል 5.1 (የአምስት ስፒከርና የአንድ ቤዝ ድምፅ) በደንብ ያልፋል። የማያልፈው ጥራቱ ሳይጎድል የተቀመጠው የብሉሬይ ድምፅና የጌም ማሽን ባለብዙ ቻናል ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ዲጂታል ድምፅ) ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ከ2018 ወዲህ የወጡ ሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት አይቀበሉም። በፍላሽ ያለ ፊልም ምስሉ እየታየ ድምፁ ከጠፋ ስፒከሩን አትውቀሱ፣ ፍላሹን ማጫወቻ ላይ ሰክታችሁ ማጫወቻውን በቀጥታ ከሪሲቨሩ ጋር አገናኙት።

አዲስ መግዛት ካለባችሁ ለአብዛኛው ሳሎን 5.1 ይበቃል። ከላይ የጠራኋቸው ያማሃና ሶኒ ሁለቱም አራት የኤችዲኤምአይ መግቢያና አንድ መውጫ አላቸው፤ ብሉቱዝ አላቸው፣ ዋይፋይ የላቸውም። ፕሌይስቴሽን 5 ያለበት ቤት ፎርኬን በሴኮንድ 120 ምስል የሚያሳልፈውን ዴኖን ኤቪአር-ኤስ570ቢቲ ቢያስብ ይሻላል፣ ወይም ጌሙን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ድምፁን በኤአርሲ (በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሪሲቨሩ ድምፅ በሚመልሰው መስመር) ይመልስ።

ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ይህን አንብቡ። እዚያ የሚሸጠው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የኛ ሶኬት 220 ነው። ጀርባው ላይ ‹120 ቮልት 60 ኸርዝ› ብቻ ካለ በቀጥታ መሰካት ማለት ማቃጠል ማለት ነው። የኸርዙ ልዩነት ብዙ አያሳስብም፣ ቮልቱ ነው። ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙም ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን፣ ርካሾቹ የተጻፈባቸውን ያህል አይችሉምና። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ከ220 እስከ 240 የሚለው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል። አንዳንድ ያማሃ ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ አለው፤ ከመሰካታችሁ በፊት የት ላይ እንደቆመ እዩ። መብራት ሲጠፋም ከሶኬት ንቀሉት፣ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ዕቃ የሚጨርሰው። ስታብላይዘር የምትገዙ ከሆነ ዘግይቶ የሚለቀውን ምረጡ።

አገጣጠሙ ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። የስፒከር ገመዱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ መዳብ ነው፤ እስከ 10 ሜትር ድረስ በቂ ነው። ጫፉን 1 ሴንቲሜትር ብቻ ይልጣል፣ ክሩን አጥብቆ ይጠመዝዛል፣ አንዲት ቀጭን ክር ወደ ጎረቤቱ ቀዳዳ እንዳትነካ በስልኩ መብራት እያበራ ያያል። ስንቱ ‹‹ተቃጠለ›› የተባለ ሪሲቨር በዚያች ክር የተነሳ ፕሮቴክት ብሎ የቆመ ብቻ ነው! ቀይና ጥቁሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከታተላል፣ አንዱ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳልና። ኤችዲኤምአዩን ቴሌቪዥኑ ላይ ኤአርሲ በሚለው ቀዳዳ ይሰካል፣ ሲኢሲውን፣ ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚታዘዙበትን፣ ያበራል (ሳምሰንግ ኤኒኔት፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል)፣ የድምፅ መውጫውን ከፒሲኤም ወደ ቢትስትሪም (ድምፁ ሳይፈታ ወደ ሪሲቨሩ እንዲሄድ) ይለውጣል። ይህ የመጨረሻው ከተረሳ አምስት ስፒከር ተገዝቶ ሁለቱ ብቻ ይሠራሉ።

ከዚያ መለኪያ ማይክሮፎኑን ሶፋው ላይ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ አቁሞ ቤቱን ጸጥ ያሰኛል። ማሽኑ ራሱን ለክቶ ሲጨርስ አያምነውም፤ ገብቶ ያያል። ትንንሾቹን ስፒከሮች ‹ትልቅ› ብሎ ከመዘገባቸው ወደ ‹ትንሽ› ይመልሳቸዋል፣ መቁረጫውን 80 ኸርዝ ላይ ያደርጋል፤ ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ወደ ቤዙ ይሄዳል። ዲኮደሩን ከሪሲቨሩ አናት ላይ አንስቶ ጎኑ ላይ ያስቀምጣል፣ ሙቀቱ የሚወጣው በአናቱ ነውና በቂ ክፍት ቦታ ይተውለታል። ደጋግሜ እላለሁ፣ እንዲህ የሚሠራ ሰው ሲገኝ መያዝ ነው!

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ቅዳሜ ወረፋ አለው፣ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ሦስቱን ፎቶ ግን አስቀድማችሁ ላኩለት፤ የስፒከሩ ጽሑፍ ካልተነበበ ‹‹እንደገና ያንሱልኝ›› ይላችኋል እንጂ ዋጋ አይነግራችሁም።