መርካቶ ያሰራኋት ትንሿ የድምፅ መቀነሻ

የኔ ዳክ (ዲጂታል ሙዚቃን ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይረው ዕቃ) 2 ቮልት ያወጣል፣ አምፑ (ስፒከሮቹን የሚነዳው ማጉያ) ደሞ ግማሽ ቮልት ሲገባለት ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፣ ስለዚህ ቮልዩሙን ትንሽ ነካ ሳደርገው ቤቱ ይናወጣል፣ በጣም ዝቅ ሳደርገው የግራው ስፒከር ይጠፋል። አምፑን መርካቶ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ሰውዬው አዲስ አምፕ ግዛ ምናምን አላለኝም፣ በዳኩና በአምፑ መሀል ለያንዳንዱ ቻናል (ለግራም ለቀኝም) 6.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ሲግናሉን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) በመስመሩ ላይ፣ 3.3 ኪሎ ኦም ደሞ ወደ ግራውንድ (የጋራው መመለሻ ሽቦ) አስገባልኝ፣ በቃ አራት ሬዚስተር ብቻ፣ ሲግናሉን ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ ሲሶው ቮልት ቀነሰልኝ፣ ባትሪም ሶኬትም አይፈልግም። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን 1 ፐርሰንት ሬዚስተር (ከተጻፈበት ዋጋ ከ1 ፐርሰንት በላይ የማይዛነፍ) ይሁን በሉ። መጀመሪያ ላይ እምምም የሚል ድምፅ ነበረው፣ የግራውንዱ ብየዳ ለቆ ነው፣ ስመልስለት በነፃ አስተካከለው። ወደ አምፑ የሚሄደው ኬብል አጭር ይሁን። አሁን ማታ ልጆቹ ተኝተው ጥላሁንን ቀስ አርጌ እሰማለሁ፣ ከሁለቱም ስፒከር እኩል ይወጣል፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።