አጋሮ አካባቢ ቡና ላላችሁ፦ የቡና ቅጠል ለምትመረምረው እህታችን ምስጋናና ጥቆማ

በአጋሮ ዙሪያ ቡና ያላችሁ ወገኖች፣ በወረዳችን የምትሠራውን የዕፅዋት ጤና ባለሙያ እስካሁን ካላወቃችኋት ዛሬ ልጠቁማችሁ። ስሜ አይውጣ ስላለችኝ አልጠራትም። በገበያ ቀን ቅጠል የያዙ ገበሬዎች ከከበቡት ጠረጴዛ ኋላ ታገኟታላችሁ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ታስረዳለች፣ ገንዘብ አትቀበልም።

የአባቴን ቡና በየዓመቱ ዋግ የሚባለው፣ ፈንገስ የሚያመጣው የቅጠል በሽታ ይይዘዋል። ቅጠሉ ሲገለበጥ የሚታየውን ብርቱካንማ ዱቄት የማያውቅ ቡና አምራች የለም። ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን በዚያው ዱቄት ላይ ነጭ፣ ጥጥ መሳይ ሻጋታ ታየ። ፎቶውን በስልክ የተመለከተ አንድ መድኃኒት ሻጭ "ሁለተኛ በሽታ ነው፣ ቶሎ ካልረጫችሁ ግንዱንም አይምር" ብሎ ዋጋ ቆረጠልን። ከመግዛታችን በፊት ቅጠሉን ይዘን ወደ እሷ ሄድን።

"ልጄ፣ አንዱን ሳንገላገል ሌላ መጣብን?" አላት አባቴ።

"አይ አባባ፣ ይሄኛው የመጣው በቡናዎ ላይ አይደለም። በዋጉ ላይ ነው።"

ይህን ያለችው ግን ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ካገላበጠች በኋላ ነው፤ ምስጋናዬም ለዚህ ነው። መጀመሪያ በማጉያ መነጽር ነጩ ዋግ በሌለበት ንጹሕ ቅጠል ላይ መኖር አለመኖሩን ፈለገች። የለም፤ ያለው ብርቱካንማው ባለበት ብቻ ነው። ቀጥላ የደረቁትን ቅጠሎች ለይታ ወደ ጎን አደረገች፣ ምክንያቱም በሞተ ቅጠል ላይ ማንኛውም ተራ ሻጋታ ሊበቅል ይችላል። የፈለገችው ገና አረንጓዴ በሆነ ቅጠል ላይ፣ በሕይወት ያለ ዋግ ላይ የወጣውን ነጭ ነው።

ከዚያ በስኮች ጥቂት አንስታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባችውና አባቴን "ይዩት" አለችው። የዋጉ ስፖር፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበት ደቃቅ ዘር፣ ሲታይ አይረሳም፤ የኩላሊት ቅርጽ አለው፣ አንድ ጎኑ ልሙጥ፣ ሌላው እሾሃማ ነው። በዙሪያው ቀጫጭን ነጭ ክሮች ይሄዳሉ። ከክሮቹ ላይ እንደ ወስፌ የሾሉ ስፖር ማፍሪያዎች በአንድ አንጓ ዙሪያ በርከት ብለው ቆመዋል፤ ጫፋቸው ላይ የነጩ ፈንገስ ስፖሮች በእርጥብ ጠብታ ተሰብስበዋል። ማፍሪያዎቹ በአብዛኛው ነጠላ ነጠላ ሆነው ቢቆሙ ሲምፕሊሲሊየም የሚባለውን የዚህን ፈንገስ ዘመድ እጠረጥር ነበር አለችን።

"ነጩ ሌካኒሲሊየም የሚባለው የፈንገስ ወገን ነው። ዝርያው ግን ያለ ዲኤንኤ ምርመራ አይታወቅም፣ አልፈርምበትም" አለች። እኔ በበኩሌ ከዚህ በላይ የሚያስተማምን ባለሙያ አላውቅም።

ነገሩ አጓጉቶኝ በኋላ አነበብኩ። የእነዚህ ፈንገሶች አመዳደብ ባለሙያዎችንም ያደከመ ነው። ዚመርማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ሲሰይመው ያገኘው ከዋግ ላይ አልነበረም፤ በጃቫ ቡና ላይ ከሚኖር አረንጓዴ ነፍሳት ላይ ነበር። ሴፋሎስፖሪየም ብሎ ጠራው። በኋላ ቨርቲሲሊየም በሚባል ወገን ውስጥ ገባ፣ ለብዙ ዓመታትም ነፍሳትን የሚገድለውም፣ ዋግ የሚበላውም፣ ነጭና ተመሳሳይ የሆነው ሁሉ በአንድ ዝርያ ስም ሲጠራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዛሬና ጋምስ የተባሉ ተመራማሪዎች ክምሩን በትነው ሌካኒሲሊየምንና ሲምፕሊሲሊየምን ለዩ። በ2017 ደግሞ ዋናው ዝርያ አካንቶማይሲስ ወደሚባል ወገን ተዛወረ። ስለዚህ መጽሐፍ ስታገላብጡ ለአንዱ ፈንገስ አራት ስም ብታገኙ መጽሐፉ ተሳስቶ አይደለም። የሚታየው አካሉ ትንሽ፣ መለያ ምልክቱም ጥቂት ስለሆነ ብዙውን የለየው ዲኤንኤ ነው። በእኛው በጎማና በጎረቤት ጌራ ወረዳ ይህን የዋግ ጥገኛ በየቡና ማሳው እየዞሩ ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ፤ የእኛ ሰው ግን ብዙም አልሰማም።

ምክሯ አጭር ነበር፦ ነጩን ተዉት። የኮፐር (የመዳብ) ርጭት ፈንገስ ገዳይ ነው፣ ዋጉን ከሚበላው ለይቶ አይመታም። ተአምር አድርጋም አልነገረችን። ነጩ የሚበዛው ዋጉ ከበዛ በኋላ ስለሆነ የዘንድሮን ቅጠል አያድንም፤ ጥቅሙ ወደሚቀጥለው ወቅት የሚሻገረውን የዋግ ስፖር መቀነሱ ላይ ነው። እርጥበትና ጥላ ስለሚወድ የዋንዛውንና የሳሳውን ጥላ ጨርሳችሁ አትመንጥሩ፣ ያረጀውን ቡና ጎንድሉ፣ ዋግ የሚቋቋም የተመረጠ ዝርያ እየተካችሁ ሂዱ አለችን። ለመድኃኒቱ የያዝነው ብር ለጉንደላው ሠራተኞች ዋለ።

ወደ እሷ ስትሄዱ ቅጠሉን በፌስታል አትያዙ፤ ላብ ይዞ ሌላ ሻጋታ ያበቅልና ምርመራውን ያበላሻል። በጋዜጣ ጠቅልሉት፣ የታመመውንም ጤነኛውንም ውሰዱ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደቀጠፋችሁ አስታውሱ፤ መጠየቋ አይቀርም። ስልኳን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አባቴ ለቡና ጠርቶሻል፣ ቀኑን አንቺ ቁረጪ።